ለአባቴ ዓይን ስንል

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ያኔ ደሴ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። ስንት ዓመት አልፎታል! እስከ ዛሬ ግን ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

አባቴ አንድ ዓይኑን ያጣው ድሮ ነው። የቀረችው ዓይኑም በድንገት ጥላ አጠላባት። ሐኪሙ «የውስጡ ሽፋን መላቀቅ ጀምሯል፤ በዚህ ሦስት አራት ቀን አዲስ አበባ ካልደረሰ ይታወራል» አለኝ። «በአውቶቡስ ግን እንዳትሞክሪው፤ መንገዱ እያንገጫገጨ ይጨርሰዋል» ሲል ጨመረ።

መሯሯጥ ጀመርኩ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ከኮምቦልቻ በሚነሳው አውሮፕላን ሁለት ቦታ አስያዝኩ፤ እስከዚያ የሚያወርደን ላንድሮቨርም ለመንኩ። ያ ካመለጠን ቀጣዩ በረራ ከሳምንት በኋላ ነው።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰው ከሰማ ሊሸኝ ይመጣል፤ ከመጣ ዱዓ ይደረጋል፤ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ደግሞ ያሳስራል። አባዬ ግን «ያለ ዱዓማ ከደጄ አልወጣም!» አለ። «እሺ፣ ለእትዬ አለሚቱ ብቻ እንዳትነግራቸው» ብዬ ለመንኩት። እትዬ አለሚቱ ጴንጤ ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸው ሰው ለጸሎት ሰበሰቡ ተብለው አንዴ ታስረዋል፤ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎችም ዓይናቸውን ከእሳቸው ነቅለው አያውቁም። ይዘውብን የሚመጡትን ጣጣ ፈራሁ።

አባዬ እኔን መች ሊሰማ! በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ፤ በር ላይ ጫማ ተቆለለ። እትዬ አለሚቱም ነጠላቸውን ተከናንበው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ሳያቸው ደሜ ፈላ። ሼህ ይማም ዱዓውን ያስረዝሙታል፣ ሰዉ «አሚን» ይላል፣ እኔ በውስጤ «ያረቢ፣ አሳጥርልኝ!» እላለሁ። አውሮፕላኑ የሚነሳው አራት ሰዓት ላይ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ የሀረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ከያዘን ደግሞ አለቀልን።

ድንገት ሁለት የታጠቁ የአብዮት ጠባቂዎች ገቡ።

«የምን ስብሰባ ነው? ማን ፈቀደላችሁ?»

የይለፍ ወረቀቱንና ቲኬቱን ዘረጋሁላቸው። «አባቴ ሊታወርብኝ ነው፣ አይገባችሁም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ትልቁ ጠባቂ ወረቀቱን ዞር ብሎም አላየው። «ሰብሳቢው ማን እንደሆነ ካልተነገረን ማንም ንቅንቅ አይልም» አለ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። አባዬ እየተደናበረ ሊነሳ ሲል ምን ሊል እንደሆነ ገባኝና አፉን በእጄ ያዝኩት።

ያኔ እትዬ አለሚቱ ከጥጋቸው ብድግ አሉ። «የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ። እሱ በሽተኛ ነው፣ ልጅቷም የምታውቀው ነገር የለም። እኔን ውሰዱኝ።»

ሼህ ይማም «ኧረ ዱዓውን የያዝኩት እኔ ነኝ!» ቢሉም የሰማቸው የለም። ጠባቂው እትዬ አለሚቱን ሲፈልጋቸው የኖረ ነው። «አንቺ ዛሬም አልተውሽም?» ብሎ ወደ በሩ ገፈተራቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ ክንዴን ጨበጥ አድርገው «አብሽሪ፣ ትደርሳላችሁ» አሉኝ።

ደረስን። የአውሮፕላኑ በር ሊዘጋ ሲል ነው የገባነው። አባዬ ታከመ፤ ዓይኑም ተረፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቁርኣኑን ራሱ አነበበ፤ የልጅ ልጆቹንም ፊት አየ፣ አልሃምዱሊላህ።

እትዬ አለሚቱ ግን ሁለት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። «ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆንሽ አንቺ!» ብለው ሳቁብኝ።

ይህን የሰማ ሁሉ የእሳቸውን ደግነት ያደንቃል። እኔ ግን ለእሳቸው ያልነገርኳቸው ነገር አለ፤ ሳልነግራቸውም ሞቱ። «እኔ ነኝ» ብለው ሲነሱ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። «እንኳን እሳቸው ሆኑ» አልኩ በልቤ። አባቴን እየጎተትኩ ወጣሁ፤ ወዴት እንደወሰዷቸው ዞሬ እንኳ አላየሁም።