የቻይና ካርቶን፣ የአፉላ ላስቲክ

መጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ነው። እስራኤል አገር፣ ከጊቫት ሃሞሬ ሰፈራችን በአውቶቡስ ወርጄ የአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና ስደርስ፣ የፈረቃ አለቃዋ ዘውዲቱ እግሬን አይታ «እሜቴ፣ ሰርግ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለችኝ። ጎንደሬ ናት፤ ምላሷ አይጣል ነው።

ፋብሪካው የሱሪ ወገብ ላስቲክ ይሠራል። እኔ ማሸጊያ ላይ ተመደብኩ፦ መጠቅለል፣ መመዘን፣ ካርቶን ውስጥ መክተት፣ መለያ መለጠፍ። ላስቲኩ ዮርዳኖስ ሄዶ ሱሪ ይሰፋበታል፤ ሱሪው አሜሪካ ይሸጣል። ላስቲኩንስ ለምን እዚያው አይሠሩትም ብዬ ሜናሄሉን፣ ሥራ አስኪያጁን ያኮቭን ጠየቅሁት።

«ሱሪው አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባው ከዋጋው የተወሰነው የእስራኤል ሥራ ሲሆን ነው» አለኝ። «ከቻይና ቢገዙ ይረክስላቸው ነበር። እኛን የሚገዙን ለደንቡ ብለው ነው።»

ከፋኝ። ላስቲካችን እኮ ጥሩ ነበር!

ክሩ ከቻይና በጠንካራ ካርቶን ይመጣል። እኛ ሴቶቹ ደህና ካርቶን መጣል አይሆንልንም፤ ባዶውን እናጠራቅማለን። አንድ ሳምንት የፋብሪካው ካርቶን ሲያልቅ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ላስቲኩን በክሩ ካርቶን ሞላሁት። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጭነቱ ድንበር ላይ ተያዘ። የጉምሩኩ ሰው የቻይና ጽሑፍ አይቶ «ይህ የእስራኤል ሥራ አይደለም» አለ። ያኮቭ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ደንበኛው ከሄደ ክፍላችን ይዘጋል፤ አሥራ አራት ሴቶች ነን።

«ማነው የሞላው?»

ዘውዲቱ ልትሸፍንልኝ «ሁላችንም ነን» አለች።

«የለም፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ላስቲኩ የኛ ነው። ያጠፋሁት በካርቶኑ ነው።»

የጉምሩክ መርማሪ ፋብሪካ ድረስ መጣ። ዘውዲቱ ዓይኑ እያየ ክሩን ማሽኑ ላይ አስገባች። የወጣውን ላስቲክ ቆርጬ ከተያዘው ጭነት ከመጣው ናሙና ጎን አስቀመጥኩለት። የምርት መዝገቡንም አገላብጦ «በሴደር፣ ደህና ነው፣ ይለፍ» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሥራዬን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም፤ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዮርዳኖስ ሱሪ ያለ እኛ ላስቲክም አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቀደ። ማንም አላጠፋም። ትእዛዙ እየሳሳ ሄዶ ቆመ፤ ማሽኖቹም ተሸጡ። ሊጭኗቸው ሲመጡ ዘውዲቱ የራሷን ማሽን ስትወለውል አገኘኋት።

«ምን ያደክምሻል?» አልኳት።

«ታዲያ ቆሽሾ ይሂድ?» አለችኝ። አለቀስኩ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ለአዲስ ሠራተኛ የምለው ይህን ነው፦ ሥራሽን አሳምሪ፤ ግን በምን ደንብ እንደቆመም ጠይቂ። እኛ እስከ መጨረሻው ቀን ጎበዞች ነበርን።