አባቴ የዘጉት ጸበል

አባቴ ቄስ ናቸው። ከጎንደር በስተሰሜን፣ ደጋው ላይ ባለች የገጠር ደብር ከዲቁና ጀምሮ አገልግለዋል። ያደግሁት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ከገደሉ ሥር በሚፈልቀው ጸበል ሰው ሲያጠምቁ እያየሁ ነው። ባለፈው ክረምት ያንን ጸበል በገዛ እጃቸው በእሾህ ዘጉት። ለዚህ ያበቋቸውን ሰዎች እስካሁን ይቅር አላልኩም።

ነገሩ የጀመረው ከደብሩ በላይ ካለው ተራራ ነው። አንድ ማዕድን ፈላጊ ድርጅት መጣና፣ ለስልክና ለኤሌክትሪክ ማኪና የሚሆን ብርቅ ማዕድን አፈሩ ውስጥ አለ አለ። ተራራውን በዶዘር ገመሱት። አፈሩን በኬሚካል እያጠቡ፣ የተረፈውን ዝቃጭ ላስቲክ በተነጠፈበት ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ አጠራቀሙት። ሲመጡ በሬ ታርዶላቸው ነበር፤ መንገድ እንሠራለን፣ ልጆቻችሁን እንቀጥራለን ብለው ነበርና። በጋው ሳያልቅ «አያዋጣም» አሉና ማሽናቸውን ጭነው ሄዱ። ዝቃጩን ግን አልጫኑትም።

እኔ ጎንደር ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ሐምሌ ላይ አባቴ ደወሉልኝ።

«ስሚ ልጄ፣ ምነው ጸበሉ ኮመጠጠ?»

«እንዴት ኮመጠጠ፣ አባ?»

«አፍ ይይዛል። የተጠመቀውም ሰው ገላው እየተቆጣ ነው።»

በማግሥቱ ተሳፍሬ ሄድኩና ከአባቴ ጋር ተራራውን ወጣን። ላስቲኩ ተቀዷል። ጉድጓዱ በዝናብ ሞልቶ ቀይ ጭቃ ቁልቁል ይፈሳል። የፈሰሰበት ሣር ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ጥቁሩን መስመር በዓይኔ ስከተለው ቀጥ ብሎ ከጸበሉ አናት ደረሰ። አባቴ ጥምጥማቸውን አውልቀው ቆሙ። ሰው መምታት ያማረኝ ያን ቀን ነው፤ የምመታው ሰው ግን እዚያ አልነበረም።

ወደ ወረዳው የማዕድን ጽሕፈት ቤት ወረድን። ያነጋገረን ኃላፊ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ድርጅቱ ፈቃዱን መልሷል። አሁን ቦታው በማንም ስም አይደለም» አለን።

«ቆሻሻውስ በማን ስም ነው?» አልኩት።

«እሱ ይጠናል።»

«እስኪጠና ሰው ምን ይጠጣ?»

«ለጊዜው ጸበሉን አትጠቀሙ።»

ያቺ «ለጊዜው» እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች። እንዲህ ያለ ዝቃጭ ሲጠራቀም ሥሩ ውሃ በማያሳልፍ ነገር በደንብ ይነጠፋል፤ ጎርፍ እንዳይገባበት ዙሪያው ቦይ ይቆፈርለታል፤ ሥራው ሲያበቃ አፈር ይለብሳል፤ ከበታቹ ያለው ውሃም በየጊዜው ይመረመራል። ፈቃዱን የሰጡት ሰዎች ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ተራራው ሲቆፈር ባለቤት ነበረው፣ መርዙ ሲፈስ ባለቤት አጣ። በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጥተው ውሃውን ለምርመራ በጠርሙስ ቀድተው ወሰዱ። ውጤቱ እኛ ዘንድ አልደረሰም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሕዝቡ ሳይበተን ጸበሉ እንደሚዘጋ ተናገሩ። አገሩ ሁሉ አያ የሚላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ከሰው መካከል ተነሡ። የታመመች ልጃቸውን ለማስጠመቅ ሱባኤ አስገብተዋት ነበር።

«ምነው አባ፣ ጸበል ይመርዛል እንዴ? ወይስ እምነትዎ ጎደለ?»

«እምነቴ አልጎደለም፣ አያ። ጸበሉ ንጹሕ ነበር፤ ያበላሹት ሰዎች ናቸው። እያወቅሁ ልጅዎን በመርዝ አላጠምቅም።»

አያ ልጃቸውን በቃሬዛ አሸክመው ሩቅ አገር ወዳለ ጸበል ወሰዷት። ከዚያ ሐሜቱ ተነሣ፤ ቄሱ ከድርጅቱ ጉቦ በልቶ ነው ጸበሉን የዘጋው ተባለ። ከሁሉ የበለጠ ያንገበገበኝ ይኼ ነው። መርዙን የደፉት ሰዎች የት እንደገቡ አይታወቅም፤ ስማቸው የጎደፈው አባቴ ናቸው።

ዝናቡ ጋብ ሲል አባቴ የሚሰማቸውን ሰው አስተባብረው ተራራውን ወጡ። እኔም ዶማ ይዤ ተከተልኩ። ጎርፉ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ ከበላዩ ቦይ ቆፈርን። የፈሰሰውን ጭቃ እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን ወደ ጉድጓዱ መለስን፤ ከላዩም ሸክላ አፈር አለበስነው። የሦስት ጎረምሶች መዳፍ ተልጦ ሰነበተ። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ጓንት ይሰጥ ነበር፤ ለእኛ ማን ይስጠን? አያ ወንዶች ልጆቻቸውን ላኩ፤ እሳቸው ግን አልመጡም። ዛሬም የአባቴን መስቀል አይሳለሙም።

ሥራውን ከጨረስን በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች በማኪና መጡ። «አደገኛ ቦታ» የሚል ቆርቆሮ ተከሉ፤ በእኛ አፈር ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ ሄዱ።

«ከብቶቹ ፊደል አልቆጠሩም» አሉ አባቴ፣ ቆርቆሮውን እያዩ።

ዘንድሮ ውሃው ጠርቷል፤ ሲቀምሱትም ያን ያህል አይኮመጥጥም። ጠራ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም፤ ውስጡ ምን እንዳለ የነገረን የለም። ስለዚህ አባቴ እሾሁን አላነሡም። ለጥምቀት ውሃው ከወንዝ ማዶ ካለ ምንጭ በአህያ ተጭኖ መጣ። እኔ የምርመራውን ውጤት ልጠይቅ ዛሬም ወደዚያ ጽሕፈት ቤት እመላለሳለሁ። አባቴ፣ «ተይው ልጄ፣ ንዴት አንቺኑ ይጎዳሻል» ይሉኛል። እሳቸውን በሁሉም ነገር እታዘዛለሁ። በዚህ ግን አልታዘዝኩም።