ጎሚስታው የበሳው ጎማ

ሽኩር ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ጎሚስታ ደግሞ ሐሜት አያጣውም። ጎማው የተነፈሰበት ሾፌር ሁሉ ከሰላምታ በፊት "ሚስማሩን መንገድ ላይ የምትበትነው አንተ አይደለህም?" ይለዋል። ሽኩር አብሮ ይስቃል እንጂ ነገሩ ያንገበግበዋል፤ ለላስቲክ የሚራራ ሰው ነዋ። ልጁ ፊርደውስ በልጅነቷ ወስፌ ይዛ ወደ ጎማ ስትጠጋ ካያት እጇን ቸብ ያደርጋት ነበር። "ጎማ ይደፈናል እንጂ አይበሳም" ይላት ነበር።

ያቺ ፊርደውስ አሁን ኖርዌይ ናት። በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር በሚያከራይ ጋራዥ ሞተር ስታጥብ ከርማ፣ መካኒክ ለመሆን የምትፈተንበት ቀን ደረሰ። ደንበኛው ኤርሚ ማኪያቶ ሊጠጣ ሄዶ፣ ሽኩር የሚኒባሱን ጎማ ፈትቶ ሳለ በቪዲዮ ደወለች።

"አባዬ፣ ጎማ ላይ ሚስማር ትከይ ተብያለሁ፤ ለበረዶ።"

"በረዶ ከላይ አይደል እንዴ የሚወርደው? ሚስማሩ ከታች ምን ይሠራል?"

ፊርደውስ ሳቀችና ስልኩን ወደ ውጭ አዞረችው። ሽኩር የሚያውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ደብድቦ ወዲያው የሚቀልጠውን ነው። ይኸኛው ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አጋግሮታል፤ ላዩ ላይ መኪና ቆሟል። የሞተሩ ጎማም እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ነው። ሽኩር ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠጋ።

"ከየት በኩል ነው የሚገባው?"

"ከውስጥ። ላስቲኩ ይበሳና ሹሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከዚያ በዳዶ ይታሰራል።"

"በአንድ መስመር?"

"አይ፣ ተበታትኖ ነው። አንዱ በቧጠጠበት ሌላው ከተከተለው በረዶውን አይነክስም።"

"ታዲያ ሁሉን ታውቂው የለ? ምን ቸገረሽ?"

ፊርደውስ መሰርሰሪያውን አንስታ አሳየችው። "እጄ እምቢ አለኝ። ላስቲኩ አዲስ ነው። መሰርሰሪያውን ባስጠጋሁ ቁጥር የምትመታኝ ይመስለኛል። እስካሁን አንድም አልበሳሁም። አለቃዬ ሲመጣ ካልጨረስኩ ወደ እጥበቴ መመለሴ ነው።"

ሽኩር ደነገጠ። ልጁን አስሮ የያዛት የገዛ ቃሉ ነው። ኮራም፣ አዘነም። ከጥግ አንድ ደህና ጎማ ጎትቶ አወጣ፤ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ ወስፌውን አነሳ።

"እይኝ። ቢስሚላህ በይና አብረን።"

ወስፌው ላስቲኩ ውስጥ ጠለቀ። ከስልኩ ውስጥም መሰርሰሪያው ሲያጓራ ተሰማ።

ኤርሚ ማኪያቶውን ጨርሶ የተመለሰው ይህን ጊዜ ነው። በሩ ላይ ቀጥ አለ። "ጋሽ ሽኩር፣ ስንጠረጥርዎት ከርመን ዛሬ እጅ ከፍንጅ ተያዙ" አለ።

"ዝም በል፤ ልጄ ፈተና ላይ ናት" አለው ሽኩር፣ ሌላ ቀዳዳ እየበሳ።

በማግስቱ ፎቶ መጣ። ፊርደውስ ሐይቁ መሃል ሞተሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ በረዶው በሚስማሮቹ ተቧጥጧል። ሽኩር የበሳውን ጎማ በሩ ላይ ሰቀለው። "ይኼን ምነው ሳትደፍነው?" የሚለው ደንበኛ ብዙ ነው።

"እሱ ይቆይ" ይላል።