የጉማራ መንታ

የተወለድኩት ሐረር ነው፤ ጣናን ያየሁት ባሕር ዳር ዓሣ ማራቢያ ተቀጥሬ ስመጣ ነው። እዚህ ነጭ ዓሣ የሚሉት አንድ ዓይነት አይደለም። ቅርፊቱም ክንፉም ያው ሆኖ አፉ ይለያል። አንዱ ከንፈረ ወፍራም ነው፣ ጭቃ እየማሰ ይለቅማል። ሌላው አፈ ሰፊ ነው፣ ትንንሽ ዓሣ ያሳድዳል። ሁለቱም በክረምት ጉማራ ወንዝን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እንዴት እንደማይደባለቁ ለማወቅ ኃላፊያችን አዳቅሏቸው አለን።

የከንፈረ ወፍራሟን ሆድ ቀስ ብዬ ጨምቄ እንቁላሏን ደረቅ ሳሕን ላይ አፈሰስኩ። የጎርጎራ ልጅ የሆነችው ባልደረባዬ የአፈ ሰፊውን ወንድ ዘር ጨምራበት በዶሮ ላባ አማሰለችው።

«ዛሬስ ሚዜ ሆንሁ» አለች።

«አትድከሚ። ሁሉም እንደ ወገኑ ነው የተፈጠረው፤ አይፈለፈልም።»

«እንዲህ እርግጠኛ ከሆንሽ ዳዊቱን ምን ልታደርጊበት ይዘሽው መጣሽ?» አለች፣ ብብቴ ሥር ያለውን የጸሎት መጽሐፍ በአገጯ እያመለከተች።

ተፈለፈለ። እንደ ክር የቀጠኑ ጭራዎች ገንዳው ውስጥ ሲወራጩ አየሁ። እግዚአብሔር ያቆመው ወሰን በአንድ ሳሕንና በአንድ ላባ ከፈረሰ የቀረውን በምን ልመን? ፍልሰታ ነበር፤ ስሰግድ እንኳ ጭራዎቹ ዓይኔ ላይ ነበሩ።

ባልደረባዬ ገንዳው ላይ ተተክዬ መዋሌ አላማራትም። «እሙዬ፣ ወንዙ ውስጥ ላባ የያዘ ሰው አለ እንዴ? ሄደን እንየው።»

ጉማራ ከጣና ጋር በሚገናኝበት አፍ መረባችን ሁለቱንም ደባልቆ ያዘ። ጎን ለጎን ነበር የሚዋኙት። ሽቅብ ሄደን አንድ ትንሽ ጅረት ከሚቀላቀልበት መንታ ላይ በሁለቱም በኩል መረብ ጣልን። በማግሥቱ ጠዋት የጅረቱን ሳብነው፤ ከንፈረ ወፍራም ብቻ። የትልቁን ወንዝ ሳብነው፤ አፈ ሰፊ ብቻ። ደግመን ጣልን፣ ያው ሆነ።

ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከገበያ አብረው እየተጫወቱ መጥተው መንታ መንገድ ላይ ሲደርሱ ደኅና ዋሉ ተባብለው ወደየአጥቢያቸው የሚለያዩ ሰዎች መሰሉኝ። ውኃው ድፍርስ ነው፤ የራሳቸውን ጭራ እንኳ የሚያዩ አይመስለኝም። ማን ነገራቸው? ወሰኑ አልፈረሰም፤ እኔ ነኝ እንቁላሉ ውስጥ ብቻ የፈለግኩት።

«አሁንስ አይፈለፈልም ትያለሽ?» አለች ባልደረባዬ፣ መረቡን እየጠቀለለች።

«ይፈለፈላል። ግን አይገናኙም።»

ስንመለስ ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄድኩ። እነዚያ ትንንሾች አድገው ወንዙ አፍ ቢደርሱ የትኛውን መንታ ይይዛሉ? ውኃው ወደ ጣና የሚፈስበትን የገንዳውን መውጫ በድርብ መረብ ሸፍኜ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።