ከሀቡብ በፊት የሚመጣ ራስ ምታት

በስደት፣ ባሕሪ በሚባል ከተማ ሰው ቤት ስሠራ፣ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከመነሣቱ በፊት ራሴን ይፈልጠኝ ነበር። ሰማዩ ገና ጥርት እንዳለ ግንባሬን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስራለሁ። ማዳም ሻሹን ስታይ፣ "ያላ፣ ልብሱን አስገቢ፣ መስኮቱን ዝጊ" ትለኛለች። ጎረቤቶቿ እንኳ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው እኔን አይተው ነበር ልብሳቸውን የሚሰበስቡት። "ራስሽን ተሻለሽ ወይ?" ያለኝ ግን የለም።

አንድ ቀን እልህ ያዘኝና ሕመሙን ዋጥ አድርጌ ሻሹን ሳላስር ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሀቡቡ መጣ፤ ገመድ ላይ የተሰጣው አንሶላ ሁሉ አፈር መሰለ።

"ምነው፣ ዛሬ አላመመሽም?" ብላ ማዳም ተቆጣችኝ።

ሻሼን አሰርኩና አንሶላውን እንደ አዲስ ማጠብ ጀመርኩ።