ዊልፍን ማን ይገፋዋል

ወንድሜ ዊልፍ ጋርፉት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ከሞተር ውድድር ሲሰናበት ክለቡ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። ሰዓቱ በዓመቱ ቆመ። ዊልፍ ግን ይኸው ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ዳሌው ውስጥ ብረት ገብቶለት፣ አሁንም አልቆመም። «እርጅና ወጉ ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ» ያለውን ሁሉ በዓይኑ ገላምጦ ያልፋል። እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ገላምጦ ሲያልፍ ደስ ይለኛል።

ታናሽ እህቱ ነኝ። እዚህ ሊንከንሻየር፣ ከስታዲየማችን በር አጠገብ ያለችውን የሻይና የድንች ጥብስ ኪዮስክ ይዤ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ ስለ እሱ የሚወራውን እውነትና ውሸት ለይቼ አውቃለሁ። በወጣትነቱ ሳምንቱን ሙሉ በጭነት መኪና ስኳር የሚወጣበትን ሥር ወደ ፋብሪካ ሲያመላልስ ይሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ የክለባችንን የ«ሽመላዎች»ን መለያ ለብሶ ይወዳደር ነበር። ፍሬን የሌለው፣ አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ሞተር ላይ አራት ሆነው ይሰለፋሉ፤ አራት ዙር፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ። ኩርባው ላይ ሲደርሱ የብረት ጫማ ያጠለቀውን ግራ እግራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ሞተሩን በጎኑ ያንሸራትቱታል። አንድ እንግዳ፣ ኪዮስኬ ፊት ቆሞ፣ «ለምንድን ነው ፍሬን የሌለው?» ብሎ ጠየቀው። ዊልፍ ሻዩን ፉት አለና፣ «ለመቆም ማን መጣ?» አለው።

እናታችን እሑድ እሑድ የመታጠቢያ ገንዳውን ስትፈገፍግ፣ «የሜዳውን ቀይ አሸዋ ግማሹን ቤቴ ውስጥ ከተትከው!» እያለች ትጮህበት ነበር። ጆሮው ውስጥ ሳይቀር አሸዋ ነበር። አንድ ጊዜ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ፣ የክለቡን የአንገት ልብስ ከአንገቴ ላይ ነጥቆ፣ «ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው» አለኝ። እያለቀስኩ አሰርኩለት። ወጥቶ ሁለተኛ ሆኖ ተመለሰ፤ ከዚያ ራሱን ሳተ። ያን ቀን ልገድለው ነበር። ዛሬም ሳስታውሰው እስቃለሁ።

ከውድድር በተሰናበተ ማግስት አሮጌውን ሞተር ከጋራዡ አወጣው። በየበጋው የድሮ ተወዳዳሪዎች የሚገናኙበት ቀን አለ፤ ሌሎቹ የሚመጡት ለመሳቅና ቢራ ለመጠጣት ነው፤ ዊልፍ የሚመጣው ለማሸነፍ ነው። ሞተሩ በራሱ አይነሳም፤ ሰው ከኋላ መግፋት አለበት። የሱ ገፊ ልጁ ሼሪል ናት። ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ትገፋዋለች፤ አሁን ሃምሳ ሊሞላት ነው፣ የራሷ የመኪና ጥገና ቤት አላት። ከእሷ በቀር ማንም እጁን ሞተሬ ላይ አያሳርፍም ብሎ የማለ ሰው ነው፤ መሐላውንም አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ባለፈው ዓመት ሁለተኛው ኩርባ ላይ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ዘንድሮ ክለቡ በውድድሩ ምትክ በክፍት መኪና ሜዳውን አንድ ዙር እንዲዞር ጋበዘው። «እጄን እያወዛወዝኩ? ንግሥት ነኝ እንዴ?» ብሎ ስልኩን ዘጋባቸውና ለውድድሩ ስሙን አስመዘገበ። ሼሪል ይህን ስትሰማ እሱ ሻይ ወደሚጠጣበት ወደ ኪዮስኬ መጣችና ያለ ሰላምታ ጀመረችው።

«አባዬ፣ ዘንድሮ አልገፋህም።»

«ለምን? ወገብሽን አመመሽ?»

«አትቀልድ! አምና የወደቅክ ጊዜ የገፋሁህ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ገፍቼህ ብትሞትብኝ፣ ይህን እጄን ምን ላድርገው? የት ላስቀምጠው?»

ዊልፍ ሻዩን ሳይጨርስ ኩባያውን አስቀመጠ። እኔም የድንቹን ዘይት ረስቼው ሊቃጠል ነበር። በመጨረሻ እንደ ገበሬ ተደራደሩ፦ በዕለቱ ሁለት ውድድር አለ፤ በአንዱ እንኳ መጨረሻ ከወጣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሼሪል አትገፋም። ሞተሩም ይሸጣል።

«መጨረሻ ወጥቼ አላውቅም» አላት።

«አርጅተህም አታውቅም ነበር» አለችው። እጅ ለእጅ ተመታቱ።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ ነበር፤ ሕዝቡም እንደ ድሮው ባይሆን ደህና መጥቶ ነበር። የሞተሮቹ ነዳጅ ሽታ ከኮምጣጤና ከድንች ጋር ተቀላቅሎ ሲሸተኝ የሃያ ዓመት ልጅ የሆንኩ ይመስለኛል። ኪዮስኬን ዘጋሁና አጥሩ ሥር ቆምኩ። ከዊልፍ ጋር ከተሰለፉት አንዱ ሮይ ፕላስኪት ነበር፤ በወጣትነታቸው በየቅዳሜው ሲጋፋው የኖረ ባላንጣው፣ በቀረው ሳምንት ደግሞ የቢራ ጓደኛው።

ተወዳዳሪዎቹ ፊት የተዘረጋው የመነሻ ገመድ ወደ ላይ ሲፈናጠር ነው የሚነሱት። ያን ገመድ ቀድሞ የነካ ተቀጥቶ አሥራ አምስት ሜትር ወደ ኋላ ይቆማል፤ ካልፈለገ ይወጣል። ወንድሜ፣ ሙሉ ዕድሜውን ያንን ገመድ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ እንደ ጀማሪ ተስፈንጥሮ በደረቱ በጠሰው።

ሼሪል፣ «ና ውጣ፣ በክብርህ ውጣ!» ብላ ከአጥሩ ጮኸች።

ዊልፍ ግን ሞተሩን እየጎተተ ወደ ኋላ ሄደና ብቻውን ቆመ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ፣ «አያትየው መንገዱ ጠፋባቸው» አለ። ዞሬ፣ «አንተ አፍህን ዝጋና ተመልከት!» አልኩት። ድንች ጥብስ በነፃ የምሰጠው ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀረበት።

እንደገና ተነሱ። ዊልፍ በመጀመሪያው ዙር ርቆ ነበር፤ በሁለተኛው ቀረበ፤ በሦስተኛው የሮይን የኋላ ጎማ አሸዋ እየበላ ነበር። በመጨረሻው ኩርባ ላይ የውጩን መስመር ይዞ መጣ። እኔ አጥሩን ይዤ «ግፋው! ግፋው!» እላለሁ። ያኔ ሦስተኛ ሆኖ ይሮጥ የነበረው ሮይ ጋዙን ለቀቀ። ሌላ ሰው ላያየው ይችላል፤ እኛ በዚህ ድምፅ ያደግን ግን የሞተሩ ጩኸት ዝቅ ሲል ሰማነው። ዊልፍም ሰማው። መስመሩ ሁለት ክንድ ሲቀረው የራሱን ጋዝ ዘጋ፣ ሮይን አሳለፈውና መጨረሻ ወጣ።

ከአጥሩ ወዲያ ከፊቴ፣ ሞተሮቹ ወደሚቆሙበት ሲመለሱ ዊልፍ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ሮይ ላይ ሄደበት።

«ለምን ለቀቅክልኝ?»

«ልጅህ እንድትገፋህ ብዬ ነዋ! ምን አጠፋሁ?»

«ምጽዋት የጠየቅኩህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀምጬ ነው? አርባ ዓመት ሙሉ ከአጥር ጋር ስታላትመኝ ወዳጄ ነበርክ፤ ዛሬ ግን ሰደብከኝ።»

ሮይ ቀላ። «እሺ፣ በሁለተኛው እናትህን እስክትጠራ ነው የማሳይህ።»

«እንዲያ በል!» አለው ዊልፍ፤ ፊቱ በራ።

መጨረሻ ስለወጣ ግን ለሁለተኛው ውድድር ገፊ የለውም። የሁለት ደቂቃው ጡሩንባ ተነፋ፤ በዚያ ጊዜ መነሻው ላይ ያልደረሰ ይባረራል። ሌሎቹ ተገፍተው ሄዱ። ሼሪል እዚያው ከአጥሩ ወዲያ፣ አጠገቤ፣ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ከሌላው ክለብ ሁለት ሰዎች ሊገፉት መጡ፤ «አመሰግናለሁ፣ ገፊ አለኝ። ሥራ ለቃ ነው እንጂ» ብሎ መለሳቸው። እሷን አልለመናትም፤ ወደ እሷ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ቃሉ ቃል ነበር። መሪውን ያዘና በዚያ በብረት ዳሌው እያነከሰ ብቻውን ሞተሩን እየገፋ መሮጥ ጀመረ። ዘሎ ተቀመጠ፤ አልተነሳም። ወርዶ እንደገና ገፋ፤ ጎማው ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ። ያ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ እንኳ ተነሳ።

«ሼሪል» አልኳት፣ «ስምምነትሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ እሱ ደግሞ እንደዚህ እየገፋ እዚሁ ይሞታል።»

«አውቃለሁ፣ አክስቴ! አውቃለሁ!» እያለቀሰች ነበር፤ ንዴት ይሁን ሌላ እንጃ። ዊልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተነስቶ መሪውን ሲይዝ ሮጠች። ትከሻውን ይዛ ኮርቻው ላይ አስቀመጠችው።

«ውል አፍርሰሻል» አላት።

«ዝም በል! ፍሪሲዮኑን ያዝ!»

ገፋችው። እንደ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሮጣ ገፋችው፤ ሞተሩ አገሳ፣ ቀዩ አሸዋ ፊቷ ላይ ተረጨ። እሱ ከእጇ ሲወጣ ከኋላው፣ «ብትወድቅ እገድልሃለሁ!» ብላ ጮኸች። ስታዲየሙ በሳቅና በጩኸት ተናጋ፤ እኔም በሁለት እጄ እያጨበጨብኩ አነባሁ።

በመጀመሪያው ኩርባ ሮይ በክርኑ አጥሩ ላይ ሊለጥፈው ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ዊልፍ ብድሩን መለሰ። የቀድሞው የቅዳሜ ውድድራችን ነበር፤ ምሕረት የሚባል የለም። ዊልፍ ሦስተኛ፣ ሮይ አራተኛ ወጡ። ሮይ ሄልሜቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረና ተሳደበ፤ የምሩን ነበር።

ዊልፍ ተመልሶ መጥቶ ሼሪል ፊት ቆመ። እሷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ጎንበስ ብላ የሞተሩን ጎን ዳሰሰች፣ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል» አለችው። «ማክሰኞ ጋራዤ አምጣው።»