ውሻ ይዘን የምንገባበት ቦታ

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን እኛ ዘንድ አመጣነው። ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስ፣ ሬዲዮውን እና የእናቴን ውሻ ነበር። ውሻዋ ያኔም አሮጊት ናት። ቡኒ፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈ፣ ሰው ሲመጣ ለመጮህ እንኳን የምትሰንፍ። አባቴ ውሻ ወዶ አያውቅም። እናቴ በሕይወት እያለች "ይቺን ውሻሽን ከእግሬ ስር አንሺልኝ" ሲላት ነው የማስታውሰው። ከቀብሯ በኋላ ግን ውሻዋ ከሱ አልለይም አለች፤ እሱም ዝም አላት። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ግቢያችን ጠባብ ነው፤ መኪናው ከገባ ለልጆቹ መጫወቻ አይተርፍም። አባቴ በረንዳው ላይ ወንበሩን ይዞ፣ እሷ ከደረጃው ስር ጆንያዋ ላይ ተኝታ ይውሉ ነበር።

ባለቤቴ መካኒክ ነው። አየር ጤና አጠገብ ከጓደኛው ጋር የተጋራት ትንሽ ጋራዥ አለችው። ቅዳሜን ሙሉ ይሠራል። እሁድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኩ አያርፍም፤ ሁልጊዜ የሆነ ሰው መኪና የሆነ ቦታ ቆማለች። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነኝ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፤ መሀል ላይ ያለው ሥራ እንደ እረፍት የሚቆጠርበት ቀን አለ። እቤት ስገባ ደግሞ ሌላው ሥራ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ሰው ስለ ሽርሽር ሲያወራ ስሰማ ቀድሞ የሚታየኝ ሐይቁና ዛፉ አይደለም። የሚታየኝ የሚሰናዳው ስንቅ፣ የሚጫነው ዕቃ፣ ተመልሶ የሚታጠበው ልብስ ነው።

ነገሩን የጀመረችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን እንኳን ሳታወርድ፣

"እማ፣ ክፍላችን ውስጥ የትም ሄዶ አድሮ የማያውቀው እኔ ብቻ ነኝ" አለችኝ።

"ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ሄደሽ የለ እንዴ?"

"እሱ እኮ ለቅሶ ነው።"

"እኔ ለቅሶም ሄጄ አላውቅም" አለ ትንሹ ወንድሟ ካልሲውን እያወለቀ።

ሳቅኩ፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። ባለቤቴን አማከርኩትና አንድ ቅዳሜ ከከተማ ወጥተን ልናድር ወሰንን። ውሻዋን ለጎረቤታችን ለእትዬ አደራ ሰጠን። እትዬ ደግ ሴት ናቸው፤ "ሂዱ እንጂ፣ ልጆቹ ይፈንድቁ፣ ጌታ ይጠብቃችሁ" ብለው እግቢያቸው አሰሯት። ሰበታ ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ።

"የኔ ልጅ፣ ገመዱን በጥሳ ወጣች። ሰፈሩን ዞርኩት፤ የለችም" አሉኝ እያለከለኩ።

አባቴ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። "ተመለሱ" አላለም። ባለቤቴ በመስታወቱ አየውና መኪናውን አዞረ። ውሻዋን ያገኘናት ታክሲ ፌርማታው ላይ፣ በተሰለፈው ሰው እግር መሀል ተቀምጣ ነው። አባቴ ጡረታውን ሊቀበል ሲሄድ እዚያ ድረስ ትሸኘው ነበር። መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተ።

የዚያን ቀን ልጄ ከክፍሏ አልወጣችም። ባለቤቴ፣ "ሌላ ጊዜ አባባ ከውሻዋ ጋር ይቅሩና እኛ እንሂድ" አለ። አባቴም ሰምቶ፣ "ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ፤ ምን እሠራለሁ ጫካ ለጫካ" አለ። ነገር ግን ብቻውን ሲሆን እንደማይበላ አውቃለሁ። ያቀረብኩለትን ክዳኑን ሳያነሳ ነው ማታ የማገኘው። እንግዲህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ውሻዋን ጨምሮ ሁላችንም የምንገባበት ቦታ መፈለግ።

በምሳ ሰዓት እየደወልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ የደወልኩት ቢሾፍቱ ወዳለ አንድ ሪዞርት ነው። "ውሻ ይዞ መግባት ይቻላል?" ስለው ሰውየው፣ "ምን?" አለ። ከዚያ ስልኩን ራቅ አድርጎ ለሌላ ሰው፣ "ውሻ ይዘን እንምጣ ይላሉ" ሲል ሰማሁት። ሁለቱም ሳቁ። ሌላ ቦታ ያነሳው ልጅ ደግሞ በጣም ትሁት ነበር።

"ዝርያዋ ምንድነው፣ እህቴ?"

"ቡኒ ናት" አልኩት።

"አይ፣ የፈረንጅ ናት ወይስ…"

"የሐበሻ ናት።"

"እንግዲያው ይቅርታ። እኛ የምናስገባው ትንንሾቹን፣ የሚታቀፉትን ነው።"

ይህን ለአባቴ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። "መታቀፍ ከሆነማ እኔ አቅፋታለሁ" አለ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ከሰበታ አለፍ ብሎ፣ ጫካ ዳር፣ ግቢዋ ውስጥ ጥቂት ጎጆዎች ሠርታ የምታከራይ ሴት ነው። ሰልችቶኝ ስለነበር ሰላምታ እንኳን ሳላስረዝም ጥያቄዬን አቀረብኩ።

"ልጆች አሉሽ?" አለችኝ።

"ሁለት።"

"እንግዲያው የውሻዋ ነገር አያሳስብሽ፤ አበባዬን የሚነቅሉብኝ ልጆች ናቸው። አንድ ነገር ብቻ፣ ሲመሽ ውጭ እንዳትተዋት። ጅብ አለ።"

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ዓርብ ከሥራ ገብቼ ስንቅ ማሰናዳት ያዝኩ። ቀለል ያለ ነገር ብዬ ጀምሬ የሁለት ቀን ድግስ አደረግኩት። ቅዳሜ ጠዋት ድስቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የአባቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የውሻዋ ጆንያ ሳይቀር በአሮጌዋ ዲኤክስ መኪናችን ላይ ተጫነ። ከመሄዳችን በፊት ደክሞኝ ነበር።

አየር ጤና ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆመ። የባለቤቴ ስልክ ይጮሃል፤ ያነሳል፤ "ዛሬ የለሁም፣ ሰኞ፣ ሰኞ" ይላል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና ከኋላ ሆኖ ዝም ማለት አይችልም።

"ማርሹን ቀንስ።"

"እሺ፣ አባባ።"

"ፍሬኑ ላይ እግርህን አታሳርፍ።"

"እሺ፣ አባባ።"

ሰበታን ሳንወጣ መኪናዋ ጋለች። ከሥራው ላርፍ ብሎ የወጣው ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍቶ እጅጌውን ሰበሰበና እንደለመደው እላይዋ ላይ አጎነበሰ። እኛም መንገድ ዳር ቆመን ራዲያተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። እንደገና ስንነሳ ውሻዋ መኪና አልለመደችምና ቀሚሴ ላይ አስመለሰች። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ጮኹ። አባቴ መሐረቡን አወጣ፤ የጠረገው ግን የውሻዋን አፍ ነው።

ቦታው ውብ ነበር፤ እውነቱን መደበቅ አልችልም። ከጎጆዎቹ ጀርባ ትልልቅ ጽዶች አሉ። ገና ከመኪና እንደወረድን አንድ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንዠርግጎ ከዛፍ ወደ ዛፍ ዘለለ፤ ልጄም "አያችሁት? አያችሁት?" እያለች እንደ ሕፃን ዘለለች። ወዲያው ዝናቡ መጣ።

ዝናቡ አላቆመም። ባለቤቴ "ጀርባዬን ትንሽ ላሳርፍ" ብሎ አልጋ ላይ ጋደም አለ፤ እንደጋደመ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ዕቃ አወረድኩ፣ ቀሚሴን አጠብኩ፣ ምሳ አሞቅኩ፣ በአንዲት ስልክ የተጣሉ ልጆች ገላገልኩ። እቤቴ የማደርገውን ሁሉ፣ ግን ቢላው የት እንዳለ በማላውቅበት ቤት። ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና ትከሻውን ወዘወዝኩት።

"አንተ፣ የመጣነው ለመተኛት ነው እንዴ?"

"አሁን እነሳለሁ" አለ፤ ወደ ግድግዳው ዞረ።

እንደዚያን ጊዜ ተናድጄበት አላውቅም። መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ለምን መጣሁ፣ ማንስ አምጪኝ አለኝ እያልኩ ጭቃውን አየው ጀመር።

ሊመሽ ሲል ሌላ ጣጣ መጣ። አባቴ ልጄና ወንድሟ የሚያድሩበትን ክፍል ነው የያዘው። ውሻዋ በሩ ላይ ቆማ፣ ረጥባ፣ ትንቀጠቀጣለች።

"ጸሎት የማደርስበት ቤት ውሻ አይገባም" አለኝ። "በዚህ ዕድሜዬ አልጀምረውም።"

"አባዬ፣ ጅብ አለ እኮ አሉ።"

አባቴ አያት። እሷም አየችው። የቤቱ ባለቤት ከማዶ ጃንጥላ ይዛ፣ "ኧረ አባባ፣ ያስገቧት!" ብላ ጮኸች። አባቴ ከበሩ ገለል አለላትና፣ "እንግዲህ ዛሬ እሷም እንግዳ ናት" አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ጠዋት ስነቃ ዝናቡ ቆሟል። አባቴ አልጋው ላይ የለም፤ ውሻዋም የለችም። ባለቤቴ እንደተኛ ነው። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። የቤቱ ባለቤት ላሟን እያለበች በአገጯ ወደ ጫካው አመለከተችኝ። ጫማዬ ጭቃ እየጠጣ፣ በዛፎቹ መሀል ሄድኩ። ከዛፎቹ በስተጀርባ ገላጣ መስክ አለ። አባቴ ዳር ላይ ቆሞ ገመዱን በእጁ ይዟል፤ ገመዱ ባዶ ነው።

ውሻዋ እየሮጠች ነበር። ያቺ ከደረጃ ለመውረድ እንኳን የምታስብ አሮጊት እርጥብ ሣሩ ላይ ትሮጣለች። የኋላ እግሮቿ ከፊቶቹ ጋር አልስማማ ብለዋት ወደ ጎን ትንሸራተታለች፤ ትነሳለች፤ እንደገና ትሮጣለች። ስትሮጥ አይቻት እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ለነገሩ የት ትሩጥ?

"ነይ፣ እናቴ! ነይ!" ብሎ ጠራት አባቴ።

እናቴ ነበረች እንደዚያ የምትጠራት፤ በዚያው ዜማ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጋ። እሱ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ሳይዞር አወራኝ።

"እናትሽን አንድ ቀን እንዲህ ያለ ቦታ ወስጃት አላውቅም።"

"ጠይቃህ ነበር?"

"አልጠየቀችኝም። ከተማውን ሙሉ ስዞር ውዬ ስገባ ታየኝ ነበራ። እሁድ መንገድ ማየት ያስጠላኝ ነበር። እግሬን በሙቅ ውኃ ትነክርልኝና፣ 'ተኛ፣ ማንም አይቀሰቅስህም' ትለኛለች። ልጆቹን ይዛ ውጭ ትቀመጣለች።" ገመዱን በእጁ ጠቀለለ። "እናንተን እኮ ነው። አታስታውሺም?"

አላስታውስም ነበር። አሁን ግን መጣልኝ፦ የተዘጋ በር፣ እናቴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጸጉሬን እየሠራች "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" ስትል። ቅር ብሏት እንደነበር አላውቅም። መጠየቂያው ጊዜም አልፏል። አባቴ ከቀብሯ ወዲህ ስለሷ ይህን ያህል ሲያወራ የመጀመሪያው ነበር። ውሻዋ እየተንገዳገደች መጥታ እግሩ ስር ወደቀች። ምላሷ ተንጠልጥሏል፤ ሆዷ ይርገበገባል።

ወደ ጎጆው ስንመለስ ልጆቹ ተነስተው አባታቸውን ሊቀሰቅሱት በሩ ላይ ደርሰው ነበር። እኔም ልቀሰቅሰው አስቤ ነው ከአልጋዬ የተነሳሁት፤ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ። አየሁት። አፉን ከፍቶ፣ ጥፍሩ ስር ያለው የጋራዡ ግራሶ እንኳን ሳይለቅ፣ አንድ እጁ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። በሩን መለስኩትና ልጆቹን ይዤ ጉሬዛ ፍለጋ ወጣሁ። የእናቴ ናፍቆት ይሁን ለሱ ያለኝ ፍቅር አላውቅም፤ ምናልባት ለመጣላትም ጉልበት አልነበረኝም።

ሊረፋፍድ ሲል ጉንጩ ላይ የትራስ ምልክት ታትሞበት ወጣ።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም?" አለኝ አፍሮ።

"ተኛ ብዬ ነው።"

ሻይ ጠጥቶ ከልጁ ጋር ጭቃው ላይ ኳስ መጫወት ጀመረ። ልጄም ገባች። አባቴ ወንበር አስወጥቶ ዳኛ ሆነ፤ ሁሉንም ተቆጣ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሠራሁም። እጆቼ ጭኔ ላይ ተኝተዋል። ከዚያ በላይ የሚነገር ደስታ አልነበረም፤ ፀሐይዋም ቶሎ ደመና ውስጥ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ተመለስን። መንገዱ ያው ነው፣ ጭንቅንቁ ያው። ወደ ከተማው ስንቃረብ ነፋሱ የቆሼን፣ የቆሻሻ መጣያውን ሽታ ይዞ መጣ፤ መስኮቱን ዘጋነው። እቤት ስንደርስ ውኃ የለም። ከውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ቀድቼ የልጆቹን እግር አጠብኩ። ጭቃ የነካው ብርድ ልብስ በረንዳው ላይ ተከምሯል። ነገ ሥራ ነው። ወገቤን ይዤ ቆሜ ከየት እንደምጀምር ሳስብ ልጄ መጣች። ሳልጠራት የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ያዘች፤ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ ውኃው በክንዳችን እየወረደ ጠመዘዝነው።

"እማ፣ ደግሞ መቼ ነው የምንሄደው?"

"ልጄ፣ እስኪ ትንፋሼን ልሰብስብ" አልኳት።

"ከክረምት በኋላ?"

"ከክረምት በኋላ" አልኩ። ብርድ ልብሱን ገመዱ ላይ ሰቀልነውና ገባን።